ራሱን በራሱ የሠራው ሰው ዘመዶች

ባለፈው ክረምት ከአንድ ወዳጄ ቤት የልጅ ምረቃ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። እንደ ደንቡ ተበላ፣ ተጠጣ፤ እንደ ደንቡም ምክር ተጀመረ። ከተጋባዦቹ መካከል በዕድሜም በሀብትም ከበድ ያሉ አንድ ጋሼ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና ለተመራቂው በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ መጽሐፍ አበረከቱለት። የታላላቅ ሰዎችን የስኬት ምሥጢር የሚተርክ መጽሐፍ ነው። ቀጥለውም ከኪሳቸው አንዲት የመቶ ዶላር ኖት መዘዝ አድርገው በላይዋ ያለውን ግንባረ ሰፊ ሽማግሌ ለልጁ እያሳዩ እንዲህ አሉት፤

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ? ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይባላል። የድሃ ሻማ ሠሪ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥቶ የፖስታ ሹም ሆነ፣ ሊቅ ሆነ፣ አምባሳደር ሆነ። ማን ረዳው? ማንም! ዘመድ ነበረው? አልነበረውም! ራሱን በራሱ የሠራ ሰው ነው። እናንተ ግን ዲግሪያችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ‹ዘመድ የለንም፣ ሥራ አጣን› እያላችሁ ታለቃቅሳላችሁ።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እናቱ የወጥ ድስት ይዘው ከጓዳ ብቅ ብለው ነበርና ንግግሩ እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ልጁን ለዚህ ያበቁት እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ እንደሆነ እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ስማቸውን ግን ያነሣ የለም። እኔም አላነሣሁም። እንዲያውም ከሁሉም ጋር አጨበጨብኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ጭብጨባዬ ካሳ እንዲሆነኝ ነው።

ለጋሼ ያን ዕለት ልሰጣቸው የሚገባኝ መልስ አጭር ነበር። ነበረው! ፍራንክሊን ዘመድ ነበረው። ጋሼ ራሳቸው የጠሩት የፖስታ ሹመት ደግሞ ከላይ እስከ ታች በዘመድ የተሞላ ነበር። እስቲ የፖስታ ሹሙን ቤት በር ከፍተን እንግባና ማን ማን እንዳለበት እንይ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የምጽፍ መሆኔን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ፍራንክሊን በ1706 ቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆሳያ ከሁለት ሚስቶች 17 ልጆች ያፈራ ሻማና ሳሙና ሠሪ ነበር። ድህነቱ እውነት ነው፤ የትምህርት ቤቱ ሁለት ዓመትም እውነት ነው። ጋሼ እዚህ ላይ አልዋሹም። ነገር ግን ልጁ 12 ዓመት ሲሆነው የኅትመት ሙያ ያስተማረው ማን ነው? የገዛ ወንድሙ ጄምስ ነው። ወንድምየው እጁን ያነሣበት ነበርና በ17 ዓመቱ የተለማማጅነት ውሉን አፍርሶ ወደ ፊላዴልፊያ ኮበለለ። ይሁንና ይዞት የኮበለለው ሙያ የወንድሙ ቤት ሙያ ነው። ፊላዴልፊያ ላይ ማተሚያ ቤት ሲያቋቁም መነሻው ገንዘብ የተገኘው ከሽርካው ከሂዩ ሜሬዲት አባት ነው። ሽርካው ሥራውን ትቶ ሲወጣ ደግሞ ዊልያም ኮልማንና ሮበርት ግሬስ የሚባሉ ሁለት ወዳጆቹ አበደሩት። ይህን ሁሉ የነገሩን ጠላቶቹ አይደሉም። ራሱ ፍራንክሊን በግለ ታሪኩ ውስጥ አስፍሮታል። ውለታውን እሱ አልደበቀም፤ የደበቁት አድናቂዎቹ ናቸው።

ወደ ፖስታ ቤቱ ስንመጣ፣ በዚያ ጊዜ ዩናይትድ ስቴትስ የሚባል አገር ገና አልተፈጠረም። የነበሩት በእንግሊዝ ዘውድ ሥር የሚተዳደሩ ቅኝ ግዛቶች ናቸው፤ ፖስታውም የዘውዱ ነው። የፖስታ ሹም ሲባል በመስኮት ወዲያ ተቀምጦ ቴምብር የሚሸጥ ሠራተኛ እንዳይመስላችሁ። ቴምብር የተፈለሰፈው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1840 ነው። ፖስታ ቤት ማለት ብዙ ጊዜ የሹሙ መኖሪያ ወይም ሱቅ ነበር። ፈረሰኛ ደብዳቤውን አምጥቶ እዚያ ያራግፋል፤ ባለ ደብዳቤው ራሱ መጥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሂሳቡን እሱ ከፍሎ ይወስዳል፤ ካልመጣ ስሙ በጋዜጣ ይወጣል። ዛሬም ከፖስታ ሣጥን ደብዳቤ ለምናወጣው ለእኛ ነገሩ ብዙም እንግዳ አይሆንብንም።

እንግዲህ ጋዜጣ ለሚያሳትም ሰው ይህ ሹመት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ወሬው ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው፤ ጋዜጣ የሚያደርሱት ፈረሰኞችም የሚታዘዙት ለእሱ ነው። የፊላዴልፊያው የፖስታ ሹም አንድሩ ብራድፎርድ ራሱ ጋዜጣ አሳታሚ ስለነበረ ፈረሰኞቹ የፍራንክሊንን ጋዜጣ እንዳይዙ ከለከለ። ፍራንክሊን ምን አደረገ? ለፈረሰኞቹ በስውር ጉቦ እየሰጠ ጋዜጣውን ላከ። ይህንንም ራሱ ጽፎታል። በ1737 የቅኝ ግዛቶቹ የፖስታ የበላይ የነበረው አሌክሳንደር ስፖትስውድ በብራድፎርድ የሂሳብ ዝርክርክነት ተማሮ ቦታውን ለፍራንክሊን ሰጠው። ደመወዙ ትንሽ ነበር። ጋዜጣው ግን አንባቢውም ማስታወቂያውም በዛለት። ሹመቱ የዘውዱ፣ ትርፉ የቤቱ!

ያ ቤት ደግሞ በአንድ ሰው ጉልበት የሚካሄድ አልነበረም። ከ1730 ጀምሮ በሚስትነት አብራው የኖረችው ዲቦራ ሪድ በራሪ ጽሑፎችን ታጥፋለች፣ ትሰፋለች፤ ሱቁን ትጠብቃለች፤ ለወረቀት ሠሪዎች የሚሸጠውን አሮጌ የተልባ እግር ጨርቅ ትገዛለች፤ ለፖስታ ለሚመጣውም ሰው ትደርሳለች። ባልየው በ1757 በጉዳይ ለንደን ሄዶ እስከ 1762 ቆየ። በ1764 እንደገና ሄዶ እስከ 1775 አልተመለሰም። ባሕሩን ፈርታ የቀረችው ዲቦራ ቤቱንና ሂሳቡን ይዛ ተቀመጠች። በ1765 እንግሊዝ በሰነድና በጋዜጣ ላይ የማኅተም ቀረጥ ስትጥል «ፍራንክሊን አለበት» የሚል ወሬ ተነሣና የተቆጣ ሕዝብ ቤቷን ሊያፈርስ መጣ ተባለ። ዘመድ ወዳጅ ውጪ ብሎ ቢለምናት አልወጣም አለች። ሴት ልጇን አሽሽታ፣ ጠመንጃ አስመጥታ፣ ከወንድሟና ከጥቂት ሰዎች ጋር ቤቷን ጠበቀች። በታኅሣሥ 1774 ስትሞት ባሏን ካየችው አሥር ዓመት አልፎ ነበር። ጋሼ፣ «ማንም አልረዳውም» ያሉት ይህችን ሴት ቆጥረው ነው ሳይቆጥሩ?

አሁን ወደ ዋናው ሹመት እንምጣ። በ1751 የቅኝ ግዛቶቹ የፖስታ የበላይ ሹም በጠና ታሞ ነበር። ሰውየው ሳይሞት ፍራንክሊን ለንደን ለሚኖረው ወዳጁ ለፒተር ኮሊንሰን ደብዳቤ ጻፈ። ሹመቱ ለእሱ እንዲሆንለት አማላጅነት ጠየቀ፤ ለጉዳዩ እስከ 300 ፓውንድ ወጪ ቢሆንም እንደማያሳስብ ገለጸ። ከኋላው የፔንሲልቫኒያው ዋና ዳኛ ዊልያም አለን ነበሩ። በ1753 ሹመቱ መጣ፤ ከቨርጂኒያው ዊልያም ሃንተር ጋር በጋራ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን የእኛን ተረት ፍራንክሊን አልሰማም። ሥራው ግን የሰማ ይመስላል። የፊላዴልፊያን የፖስታ ሹመት ለልጁ ለዊልያም ሰጠ። ዊልያም በ1754 የመላው ፖስታ ሂሳብ ተቆጣጣሪ ሆኖ ከፍ ሲል የፊላዴልፊያው ቦታ ለሚስቱ ወገን ለጆሴፍ ሪድ ተላለፈ፤ ከዓመታት በኋላም ለወንድሙ ለፒተር። የቦስተን ፖስታ ለሌላው ወንድሙ ለጆን ሆነ። ጆን በ1756 ሲሞት የጆን ሚስት ኤልዛቤት ተተካች። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ማለት ይህ ነው።

ይህ በንጉሥ ዘመን ነው፤ አብዮት ሲመጣ ተለወጠ እንዳትሉኝ። በሐምሌ 1775 የቅኝ ግዛቶቹ ኮንግረስ ከእንግሊዝ የተለየ የራሱን ፖስታ አቋቁሞ ፍራንክሊንን ጠቅላይ ሹም አደረገው። እሱም የልጁን ባል፣ አማቹን ሪቻርድ ቤችን፣ የሂሳብ ተቆጣጣሪ አድርጎ አስገባ። በ1776 ወደ ፈረንሳይ በመልእክተኝነት ሲሄድ ጠቅላይ ሹመቱን የያዘው ይኸው አማቹ ነው። ባንዲራው ተለወጠ፣ ንጉሡ ተለወጠ፤ የፖስታው ቤተሰብ ግን ያው የፍራንክሊን ነው።

እዚህ ላይ የጋሼ ወዳጆች የሚያነሡትን መከራከሪያ አውቀዋለሁ። «ዘመዱንም ሾመ፣ ጓደኛውንም ሾመ፤ ሥራው ግን ተሠርቷል!» ይላሉ። እውነት ነው፣ ተሠርቷል። ለሥራው የሚገባውን ምስጋና የምነፍገው ሰው አይደለሁም። ፍራንክሊንና ሃንተር በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ከኪሳቸው እያወጡ ፖስታው ከ900 ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረባቸው። መንገዱን አሻሻሉ፤ ፈረሰኛው በሌሊትም እንዲጓዝ አደረጉ። ከፊላዴልፊያ ቦስተን ተልኮ መልሱ እስኪመጣ በክረምት ስድስት ሳምንት ይፈጅ የነበረው ደብዳቤ በሦስት ሳምንት ተመላለሰ። የፖስታ ሹም የወደደውን ጋዜጣ ተቀብሎ የጠላውን የሚመልስበትን ልማድ በ1758 አስቀሩ፤ ማንኛውም ጋዜጣ የተወሰነ ሂሳብ ከፍሎ እንዲጓዝ ሥርዓት አወጡ። የተጎዳበትን በር ለሌላው መክፈቱ የሚያስከብረው ሥራ ነው። በመጨረሻም ፖስታው ለዘውዱ የሚያስገባው ትርፍ ከአየርላንድ ፖስታ ሦስት እጥፍ እንደደረሰ ራሱ በኩራት ጽፏል።

ግን እኮ ጥያቄው ሥራው ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም አይደለም። ጥያቄው «ብቻውን ሠራው» የሚለው ነው። ሥራው ያማረ መሆኑ ዘመድ አልነበረውም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ያማረለት ዘመድ ስለነበረው ነው የሚል ሰው ቢመጣ እኔ አልከራከረውም። ቦስተን ላይ የሚያምነው ወንድም፣ ሂሳቡ ላይ የሚያምነው ልጅ፣ ሱቁ ውስጥ የምታምነው ሚስት ባይኖረው ኖሮ ለንደን ላይ ዓመታት ተቀምጦ የአሜሪካን ፖስታ መምራት ይችል ነበር? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን እኛ የምናውቀው ነገር ነው። አንበሳው ከታሰረ በኋላ ክብሩን ሁሉ ለአንዲት ክር መስጠት ግን ከየት የመጣ ሒሳብ ነው?

ሁለተኛው መከራከሪያ «የዘመኑ ልማድ ነው» የሚለው ነው። ሁሉም ዘመዱን ይሾም ነበር፤ በዛሬ ሚዛን ለምን ትመዝነዋለህ ይሉኛል። መልካም፤ በዚያው በዘመኑ ሚዛን እንመዝነው። ዊልያም ጎዳርድ የሚባል ጋዜጣ አሳታሚ ነበር። ፍራንክሊን ገና ለንደን ሳለ፣ በ1774፣ ከንጉሡ ፖስታ ነፃ የሆነ የአሜሪካውያን ፖስታ ያቋቋመው ይህ ሰው ነው። ከከተማ ከተማ እየዞረ ገንዘብ አሰባስቦ መሥመሩን ዘረጋ። ኮንግረሱ ያን ሐሳብ ወስዶ ፖስታ ሲያቋቁም ግን ጠቅላይ ሹመቱ ለፍራንክሊን፣ ሁለተኛው ቦታ ለፍራንክሊን አማች ሆነ። መሥመሩን የዘረጋው ጎዳርድ በፈረስ እየዞረ የሚቆጣጠር የመንገድ ሹም ተደረገ። እሱም በዘመኑ የነበረ ሰው ነው፤ ነገሩም አልጣመውም።

የዊልያም ጎዳርድ እኅት ሜሪ ካትሪን ታሪክ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። እሷም ከፖስታ ቤት የተወለደች ናት፤ አባቷ የኒው ለንደን ከተማ የፖስታ ሹም ነበር። እንግዲህ እሷም በዘመድ ገባች ቢባል አልክድም። ብትገባም ግን ሠራች። በባልቲሞር የወንድሟን ጋዜጣ ከ1774 ጀምሮ ይዛ አዘጋጀች፣ አሳተመች። በ1775 የባልቲሞር የፖስታ ሹም ሆነች። የነፃነት ዐዋጁን የፈራሚዎቹን ስም ጨምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥር 1777 ያተመችው እሷ ናት፤ በእንግሊዝ ዘንድ ከሃዲ የሚያሰኝ በነበረበት ጊዜ ከግርጌው የራሷን ስም በሙሉ አኖረችበት። የጦርነቱ ዘመን ሁሉ አልፎ 14 ዓመት ሙሉ ፖስታውን ያዘች።

ከዚያስ? በ1789 አዲሱ መንግሥት ተቋቁሞ አዲስ የፖስታ ጠቅላይ ሹም ሲመጣ ሜሪ ካትሪን ተሻረች። የተሰጠው ምክንያት ሥራው እየሰፋ ስለሆነ ወዲያ ወዲህ መጓዝ ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ ለሴት አይሆንም የሚል ነበር። ከ200 የሚበልጡ የባልቲሞር ነዋሪዎች ፈርመው አቤት አሉላት። እሷም ለጆርጅ ዋሽንግተን ጻፈች፤ ፕሬዚዳንቱ በጉዳዩ ጣልቃ አልገባም አሉ። ለሴኔቱም አመለከተች፤ የተደረገላት ነገር የለም። የቀረውን ዕድሜዋን መጽሐፍ እየሸጠች ኖራ በ1816 ሞተች። እንግዲህ «የዘመኑ ልማድ ነው» የሚሉኝ ሰዎች ለእነዚያ 200 ፈራሚዎች መልስ ይስጡ። እነሱም የዚያው ዘመን ሰዎች ናቸው፤ ሥራና ዝምድና፣ ችሎታና ጾታ የተለያዩ መሆናቸውን አሳምረው ያውቁ ነበር። በየዘመኑ ልማዱም አለ፣ ልማዱን የሚቃወምም አለ። እኛ የምንመርጠው ከሁለቱ የማንን ታሪክ እንደምንተርክ ነው።

ዘመድን በሹመት መጥቀም ዘመዱንም እንደሚጎዳ ደግሞ የገዛ ልጁ የዊልያም ታሪክ ይመሰክራል። አባቱ ፖስታ ውስጥ አስገባው፤ ለንደን ይዞት ሄደ፤ በ1762 ልጁ የኒው ጀርሲ ንጉሣዊ ገዢ ሆኖ ተሾመ። አባቱ ግን የማሳቹሴትሱ ገዢ የቶማስ ሃችንሰን የግል ደብዳቤዎች እጁ ገብተው ወደ ቦስተን በመላኩና ደብዳቤዎቹ ታትመው በመውጣታቸው በጥር 1774 በለንደን ባለሥልጣኖች ፊት ቆሞ ተሰደበ፤ በሁለተኛው ቀንም ከፖስታ ሹመቱ ተሻረ። የደብዳቤ ጠባቂ በደብዳቤ ወደቀ! ከዚያ በኋላ አባት ከንጉሡ ተጣላ፣ ልጅ ግን ከሹመቱ አልወርድም አለ። አባቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያስተማረው የዘውዱን እንጀራ መብላት ነበርና ምን ያድርግ? በ1776 አብዮተኞቹ አሰሩት፤ እሥር ላይ ሳለ ሚስቱ ሞተችበት፤ በ1782 ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። አባት ይቅር አላለም። በ1790 ሲሞት ኑዛዜው ለዊልያም የተወለት ጥቅም የሌለው የኖቫ ስኮሺያ መሬትና ቀድሞ እጁ የገቡትን መጻሕፍትና ወረቀቶች፣ እንዲሁም የነበረበትን ዕዳ ምሕረት ብቻ ነው። ምክንያቱንም በጦርነቱ ከእኔ ተቃራኒ ስለቆመ ብሎ አስፍሯል። በአባቱ እጅ የተሾመ ልጅ በአባቱ እጅ ተነቀለ።

አንድ ሌላ ምስክር ልጨምር። ፍራንክሊን ጄን የምትባል ታናሽ እኅት ነበረችው። አባት አንድ፣ እናት አንድ፣ ያቺው የቦስተን ሻማ ቤት አንድ። ጄን በ15 ዓመቷ ተዳረች፤ 12 ልጆች ወለደች፤ ከአንዷ በስተቀር ሁሉንም ቀበረች። ሳሙና እየሠራች፣ የኪራይ ቤት እያስተዳደረች፣ ዕዳ እየከፈለች አረጀች። ከፊደል ጋር እየታገለች ለወንድሟ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች አሉ፤ ወንድሟም ዕድሜ ልኩን ይጽፍላት ነበር፤ ይረዳትም ነበር። ለመሆኑ ጄን ትጋት አነሳት? ወይስ ራሷን በራሷ መሥራት ሰነፈች? አንድ ጥረት፣ አንድ ደም፣ አንድ ቤት ከሆነ አንዱን አምባሳደር፣ አንዷን ሳሙና ሠሪ ያደረገው «የስኬት ምሥጢር» በየትኛው የመጽሐፉ ምዕራፍ ነው ያለው?

ከጄንም በታች ሰዎች ነበሩ። በፍራንክሊን ቤት ባሮች ነበሩ። በ1757 ለንደን ሲሄድ ፒተር የሚባለውን ባሪያ ለራሱ፣ ኪንግ የሚባለውን ለልጁ አገልጋይ አድርገው ይዘው ሄደዋል። ጋዜጣው ባሪያ የሚሸጥና የኮበለለ ባሪያ የሚያፈላልግ ማስታወቂያ እየተቀበለ ያተርፍ ነበር። ከወንድሙ የኮበለለ ልጅ የኮበለሉ ሰዎችን በማፈላለግ ገንዘብ አገኘ! በስተርጅናው ይህን ተረድቶ በ1787 የፀረ ባርነት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኗል፤ ከመሞቱ ሁለት ወር በፊትም ባርነት እንዲቀር ለኮንግረሱ አቤቱታ አቅርቧል። ይህን አለመናገር ግፍ ይሆንብኛል። የመቶ ዶላሯ ፊት ግን ከኋላዋ ስንት ፊት እንደሸፈነች አለመናገርም ግፍ ነው።

«እንግዲህ ታላቅ ሰው ማዋረድ ምን ይጠቅማል?» የሚለኝ ይኖራል። ማንን አዋረድኩ? ፍራንክሊንን ለማድነቅ ሚስቱን መሰረዝ አያስፈልግም። እኔን የሚያሳስበኝ የሞተው ፍራንክሊን አይደለም፤ ያን ዕለት አንገቱን የደፋው ልጅ ነው። «ብቻውን ሠራ» የሚለው ተረት ሁለት ሰዎችን ያበላሻል። አንደኛው ዘመድ ያለው ሰው ነው። በአጎቱ ደብዳቤ ሥራ ገብቶ፣ በአባቱ ቤት እየኖረ፣ በሚስቱ ጉልበት ሱቅ ከፍቶ ሲያበቃ ሁሉንም የላቤ ዋጋ ነው እያለ ይኮራል። ሁለተኛው ዘመድ የሌለው ሰው ነው። ከበር በር ሲንከራተት ውሎ ሥራ ሲያጣ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፤ ከድህነቱ ላይ ሐፍረት ይጨመርበታል። አንዱን ያለ ሥራው ያስመሰግነዋል፣ ሌላውን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሰዋል። ከዚህ የበለጠ ምን ዓይነት ተረት ይጎዳል?

ደግሞም ይህ ተረት ለእኛ አገር ባዕድ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እያለ ያደገ ሕዝብ፣ በዕቁብ ሱቅ የከፈተ፣ በዕድር የቀበረ፣ በደቦ ያጨደ ሕዝብ፣ ሰው ብቻውን ይሠራል የሚለውን በወርቃማ ወረቀት ጠቅልሎ ለልጁ ሲሰጥ ማየት ያሳዝናል። የእኛ ችግር መረዳዳታችን አይደለም። የእኛ ችግር የቤትን መረዳዳት ወደ ሕዝብ ቢሮ ይዘን መግባታችን ነው። ወንድም ለወንድሙ ከኪሱ ቢሰጥ ጽድቅ ነው፤ ከመንግሥት መዝገብ ቢሰጠው ግን የሌላውን ልጅ እንጀራ ነጥቆ ነው። ፍራንክሊን የሁለቱን ድንበር አላከበረም። ብዙዎቻችንም አናከብርም። ድንበሩን የማናከብር ሰዎች ደግሞ ዘመድ የሚባል ነገር የለም ብለን ስንማል ውሸቱ ድርብ ይሆናል።

ስለዚህ ለጋሼ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የአንድን ሰው ስኬት ሲተርኩ ሱቁን ማን እንደጠበቀ፣ ብድሩን ማን እንዳበደረ፣ ሙያውን ማን እንዳስተማረ አብረው ይንገሩን። ይህን ቢያደርጉ ሰውየው አያንስም፤ ታሪኩ እውነት ይሆናል እንጂ። ሁለተኛ፣ ልጆቻችን ዘመድ አያስፈልጋችሁም ከማለትዎ በፊት ዘመድ የማያስፈልግበት በር ይክፈቱላቸው። የጋሼ ድርጅት ሂሳብ የያዘው የወንድማቸው ልጅ መሆኑን፣ መጋዘኑን የሚያስተዳድረውም የባለቤታቸው ወንድም መሆኑን ያን ዕለት ያጨበጨብነው ሁሉ እናውቃለን። ንብረቱ የራሳቸው ስለሆነ አልወቅሳቸውም። ነገ አንድ ባዶ ቦታ ሲገኝ ግን ማስታወቂያ ያውጡ፣ ይፈትኑ፣ ያን ልጅም ከሌሎቹ ጋር ያስፈትኑት። ወድቆ ቢመለስ ያን ጊዜ ምክር ይምከሩት፤ እኔም አብሬ እመክረዋለሁ።

ለተመራቂውም አንድ ቃል አለኝ። የኔ ልጅ፣ መጽሐፉን አንብበው፤ መጥፎ አይደለም። ስታነብ ግን የዲቦራን ስም ፈልገው። ካጣኸው ከዳር ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው። እሱን ስትጨርስ የእናትህንም ስም ከጎኑ ጻፍ። ያን ዕለት ድስት ይዘው በሩ ላይ የቆሙት እሳቸው ናቸውና።